መስከረም ላይ ደሴን ለእንግዳ ማሳየት፦ ከየት ልጀምር?

የኮምቦልቻው፦
ሰላም ያገር ልጆች። ጅዳ ያደጉ የአክስቴ ልጆች ለመስከረም ሊመጡ ነው፣ ደሴን ከናታቸው አፍ ነው እንጂ በዓይናቸው አያውቋትም። እኔ ደግሞ ኮምቦልቻ ስራ ላይ ነኝ፣ ለገበያና ለሃኪም ካልሆነ ብዙም ደሴ አልወጣም፣ እና ሁለት ሶስት ቀን ይዣቸው ልዙር ብዬ ግራ ገባኝ። ደመራ አለ፣ መውሊድም እዛው ሰሞን መሰለኝ፣ ሌላስ? ትልቁ ልጅ ታሪክ ይወዳል። ደግሞ እነሱ ሙስሊም ናቸው፣ እኛ ቤት ክርስቲያን ነው፤ ደመራ ብወስዳቸው ይከፋቸው ይሆን? የሚያርፉት እኔ ጋ ነው።

የሸዋበር ልጅ፦
ኧረ መውሊድ መስከረም ላይ የለም ወንድሜ። በ2016 ከደመራ ጋር አንድ ቀን ስለዋለ፣ መስከረም 16 ማለት ነው፣ እሱ ይሆናል አእምሮህ ውስጥ የቀረው። የሂጅራው ዓመት 11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር በየዓመቱ እየሸሸ ነሐሴ ገብቷል። ቀደም ብለው ከመጡ ግን መውሊድ በሰፊው ወደሚከበርበት ጀማ ንጉሥ ወይ ቃሉ ውስጥ ጌታ ወደሚባለው ቦታ ውሰዳቸው፣ መንዙማው በድቤ ሌሊቱን ሙሉ ነው፣ ከየገጠሩ በእግሩ የሚመጣው ሰው ራሱ ትዕይንት ነው። ብቻ መውሊድ የማይቀበል ሙስሊም አሁን ብዙ ነው፣ ደሴም ውስጥ፣ ወዳጃማ፣ ተሰብስቦ ዱዓ የሚደረግበት ማለቴ ነው፣ ጭራሽ የማይዋጥላቸው አሉ። ልጆቹ ያደጉት ሳዑዲ ነው፣ ቀድመህ ጠይቃቸው፣ ወሎ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ብለህ አትንዳቸው።

አምባሰል ማዶ፦
ደመራ ምንም ችግር የለውም፣ ዳር ቆመው ያያሉ፣ ጎረቤትም እንደዛው ነው የሚያየው። እኔ የምልህ የግሸን ማርያምን ነገር እንዳትረሳ፣ መስከረም 21 ነው። ከደመራ ጀምሮ ከተማው ተጓዥ በተጓዥ ይሆናል፣ ከሸዋ በለው ከጎጃም በለው ካውቶቡስ ወርዶ እዚሁ ያድርና ነው አምባሰል የሚቀጥለው፣ አልጋ አይገኝም፣ ዋጋውም ይሰቀላል። ግሸን ድረስ ባትወስዳቸው እንኳ በነዛ ቀናት ፒያሳ አካባቢ ቁሙ፣ የአገሩን ሰው ሁሉ በአንድ መንገድ ላይ ታያላችሁ። ግማደ መስቀሉ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን እዛ አምባ ላይ እንዳረፈ ነው የሚታመነው፣ ተራራው ራሱ መስቀል ነው ቅርጹ። ጋቢ አስይዛቸው፣ የጅዳ ልጅ የደሴን ተራራ የጦሳን ብርድ አይችለውም 😂

የታሪክ መምህር፦
ለትልቁ ልጅ፦ የደሴን ስም አወጣጥ ታሪክ ሁሉም ስለሚነግረው እሱን ዝለሉት። ከቦሩ ሜዳ ጀምር። አፄ ዮሐንስ በ1870 የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ሜዳ ነው፣ የወሎው ኢማም መሐመድ አሊ ክርስትና ተነስተው ሚካኤል የተባሉት በዚያ ሰሞን ነው። ደሴን ዋና ከተማቸው ያደረጓት እሳቸው ናቸው፣ ልጃቸው ልጅ ኢያሱም እዚሁ ነው የተወለደው። በ1906 ንጉሥ ተባሉ፣ በ1909 ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። የንጉሥ ሚካኤልን የግብር አዳራሽ፣ አይጠየፍን፣ እያሳየኸው ይሄን ብትነግረው ይገባዋል፣ ባዶውን ግን ግድግዳ ነው የሚያየው። ሌላው ኅዳር 26 ቀን 1928 ነው፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ ጃንሆይ ራሳቸው እዚህ ነበሩ፣ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታልም አልተረፈም። የደሴ ሙዚየም በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፏል፣ ብዙ አትጠብቅ፣ መሄድህ ካልቀረ ክፍት መሆኑን አጣራ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አይገባም፣ ከልጆቹ ሴት ካለች ሐይቁን ታያለች እንጂ ግቢውን አታይም፣ መንገድ ላይ ሆናችሁ እንዳትጣሉ።

እትዬ ፒያሳ፦
ሁላችሁም ቦታ ቦታ ትላላችሁ፣ ልጁ እኮ ቤቱ ሊያሳርፋቸው ነው። ስማኝ ልጄ፣ የመስቀል በግህን ማን ነው የሚያርደው? እሱን አስበሃል? እኛ ቤት ድግስ ሲኖር ሁለት ጎን ነው የሚደገሰው፣ ለሙስሊሙ እንግዳ ሙስሊም ይጠራል፣ እሱ ያርዳል፣ ድስቱም ቢላዋውም ለብቻ ነው፣ የምትሰራውም ሙስሊም ጎረቤት ናት፣ ቅቤና በርበሬውን ከኔ ትወስዳለች እንጂ ወጡን እኔ አልነካም። እነሱም ሲድሩ ለኛ እንደዛው። ማንም ማንንም አይለምንም፣ አይመሰጋገንምም፣ ድሮም የነበረ ነው። ይሄን እንደ ተረት ከምታወራላቸው ማጀት አስገባቸውና ያዩት። ሰው በቲቪ ተቃቅፎ ፎቶ ሲነሳ ነው መቻቻል የሚለው፣ እኔን ከጠየቅከኝ ድስት መለየቱ ነው ዋናው።

የኮምቦልቻው፦
እትዬ በጉን ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር እግዜር ይስጥልኝ። ታች ቤት ሙስሊም ጎረቤት አለችኝ፣ ዛሬውኑ አናግራታለሁ። ለሴቷ ልጅ ሌላ ነገር ካለ ጨምሩልኝ፣ ሙዚቃ ነው የምትወደው።

የሸዋበር ልጅ፦
ሰኞ ባቲ ገበያ ውሰዳት፣ ካንተ ኮምቦልቻ ቅርብ ነው፣ አፋሩ ከነግመሉ ይወርዳል፣ ኦሮሞው አማራው ሁሉ እዛ ነው። ባቲና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶች ከነዚህ አገሮች ስም ነው የመጡት፣ ሁለቱንም አገር አሳያትና ማታ ዘፈኑን ክፈትላት። በጠዋት ውጡ ግን፣ ከቀትር በኋላ ገበያው ይበተናል፣ ሙቀቱም አያስቆምም።