የሦስቱ ማኅበራት የጋራ የድጎማ ማመልከቻ፣ ሦስተኛ ረቂቅ፦ ማስተካከያ ያላችሁ እዚህ ጻፉ

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ተያይዟል። ዓላማው እንደነበረ ነው፤ ወጣቶች በጀት ሲጸድቅ ምክር ቤት ፊት ቀርበው እንዲከራከሩ ማሠልጠን፣ ከዚያም ያነሡት ጥያቄ የት እንደደረሰ ዓመቱን ሙሉ መከታተል። የድጎማው ማመልከቻ ዐርብ ይዘጋል። ባለፈው ዙር የደረሰብንን የረሳ ስለሌለ አልደግመውም። ገጹንና መስመሩን ጠቅሳችሁ ጻፉ፤ «በአጠቃላይ ጥሩ ነው» የሚል አስተያየት አይጠቅመኝም።

ገንዘብ ያዥ፦ ገጽ 7። የቢሮ ኪራይና የሒሳብ ሠራተኛዋ ደመወዝ ከምን ይከፈላል? ድጎማው ለሥልጠናው ይከፍላል፤ ሥልጠናውን ለሚያዘጋጀው ሰው ግን አይከፍልም። የሚከፍለውም ወጪው ወጥቶ ደረሰኝ ከቀረበ በኋላ ነው። ባለፈው ተመላሹን ስድስት ወር ስንጠብቅ ከሦስቱ ማኅበራት ዕዳ ያልገባ የትኛው ነው? ቢያንስ የመጀመሪያው ሩብ ዓመት በቅድመ ክፍያ ካልተጠየቀ አልፈርምም።

የሥልጠና ክፍል፦ ገጽ 2፣ መስመር 4። «ወጣት ማለት ከ15 እስከ 24 ዓመት ያለ» ይላል። ማን ጻፈው?

ጸሐፊ፦ እኔ። የተባበሩት መንግሥታት የሚጠቀምበት ነው።

የሥልጠና ክፍል፦ ለስታቲስቲክስ ነው የሚጠቀምበት! አገሮች የራሳቸውን ወሰን እንዳያወጡ አልከለከለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የአፍሪካ የወጣቶች ቻርተር እስከ 35 ይላል። በ24 ከቆረጥነው ከአሠልጣኞቻችን ግማሾቹ በገዛ ማኅበራቸው ውስጥ ወጣት አይደሉም።

ምክትል ሰብሳቢ፦ አሠልጣኙ ተጠቃሚ ነው እንዴ? ይልቅ የጸጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳለፈው ውሳኔ 2250 ላይ ያለውን ከ18 እስከ 29 እንውሰድ። መካከለኛ ነው፤ ሁሉንም ያስማማል።

የሥልጠና ክፍል፦ ማንን ያስማማል? 15፣ 16 እና 17 ዓመት የሆናቸው ተማሪዎች ወደቁ። ሥራውን የጀመርነው ከእነሱ ጋር ነው።

የሴቶች ዘርፍ፦ እውነቱን እንነጋገር። ጉዳዩ የተማሪዎቹ አይደለም። ሰብሳቢያችን በዚህ ዓመት 34 ይሞላቸዋል፤ ከ35 በታች የሆነ ቁጥር የሚያሳምመው ማንን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ሰብሳቢ፦ ዕድሜዬ የበጀት ርዕስ አይደለም። ይህን ማኅበር ስመሠርት 22 ዓመቴ ነበር፤ ያኔ አንቺ የት ነበርሽ?

የሴቶች ዘርፍ፦ ትምህርት ቤት። ወጣት ነበርኩ።

ገንዘብ ያዥ፦ ገጽ 7ን ያነበበ አለ?

አዲስ አባል፦ እኔ 19 ዓመቴ ነው፤ በየትኛውም ቁጥር ወጣት ነኝ። የሽፋኑ ፎቶ ላይ ማይክሮፎን የያዝኩት እኔ ነኝ። የዚያን ቀን ማይክሮፎኑ ባትሪ አልነበረውም፤ ፎቶ አንሺው «ያዢና ወደዚህ ተመልከቺ» ስላለኝ ነው የያዝኩት። የልጆችን ተሳትፎ ያጠናው ሮጀር ሃርት እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው የተሳትፎ መሰላል ከስምንቱ እርከኖች ሁለተኛው ጌጥ መሆን ነው፤ እሱን ከተሳትፎ አልቆጠረውም። ፎቶውን ለውጡት።

ምክትል ሰብሳቢ፦ መሰላሉን እናውቀዋለን። ወደ ዕድሜው እንመለስ።

ሰብሳቢ፦ ትናንት በቁጣ ጻፍኩ፤ ይቅርታ። ዕድሜውን ጸሐፊው በፈለገው ይተካው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ «ጉትጎታ» የሚለው ቃል 14 ጊዜ ተጽፏል። ሊከራከረው ለሚመጣ ሰው ገንዘብ አውጥቶ የሚሰጥ መንግሥት አይታችኋል? «ግንዛቤ ማስጨበጫ» ይባል።

የሥልጠና ክፍል፦ ቃሉ ሲቀየር ሥራውም ይቀየራል። ግንዛቤ የጨበጠ ሰው ቤቱ ይገባል፤ የጎተጎተ ሰው ግን መልስ እስኪያገኝ ይመላለሳል። ምክር ቤቱስ?

ምክትል ሰብሳቢ፦ የምክር ቤቱን ክፍል ወደ ሁለተኛው ዓመት እንግፋው። ለመጀመሪያው ዓመት ነሐሴ 6 የዓለም የወጣቶች ቀንን ማክበር ይግባ። አዳራሽ፣ ካናቴራ፣ ባነር፤ ለሁሉም ደረሰኝ አለ፣ ኦዲተርም አይጨቃጨቅበትም።

ገንዘብ ያዥ፦ ስለ ደረሰኙ እውነት ነው። ክትትል ግን መመላለስ ነው፤ ለመመላለስ ደረሰኝ የሚሰጥ የለም። እያዘንኩ እደግፈዋለሁ። የራስ መዋጮውን በዓይነት እናሳየው፤ የበጎ ፈቃደኞች ሰዓትና የአዳራሹ ወንበሮች ይቆጠሩ። ሠንጠረዡን አዘጋጃለሁ ያለው የሦስተኛው ማኅበር ተወካይ የት ገባ?

የሴቶች ዘርፍ፦ ከማክሰኞ ጀምሮ የለም። ስልክም አያነሣም።

ጸሐፊ፦ አራተኛው ረቂቅ ተያይዟል። ገጽ 2 አሁን «ወጣቶች፣ በልዩ ልዩ የዕድሜ ክልል የሚገኙ» ይላል። «ጉትጎታ» አንድ ቦታ ብቻ ቀርቷል፤ በማኅበራችን ስም ውስጥ ስላለ ማውጣት አልቻልኩም። የምክር ቤቱ ክፍል ወደ ዓባሪ 3 ሄዷል።

አዲስ አባል፦ ፎቶውስ?

ጸሐፊ፦ ሌላ ጥራት ያለው አልተገኘም።

የሥልጠና ክፍል፦ የአሠልጣኞችን ዝርዝር እኔ አላቀርብም። ለካናቴራ አሠልጣኝ አያስፈልግም።

ሰብሳቢ፦ በካናቴራው ላይ የሦስቱ ማኅበራት ዓርማ በምሥረታ ዓመት ቅደም ተከተል ይሁን።

ምክትል ሰብሳቢ፦ በፊደል ተራ ነው የሚሆነው። ባለፈው ተስማምተናል።

ሰብሳቢ፦ ማን ነው የተስማማው?

ጸሐፊ፦ ማስረከቢያው ነገ ከቀኑ 6 ሰዓት ነው። የገጽ 7 ሠንጠረዥ አልደረሰኝም።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔም አልደረሰኝም።