«የእድሩ ጠንሳሽ» ማለት ነውር አለበትን?

ብርሌ፦
ለተከበራችሁ የቃላት ወዳጆች፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ቸግሮኛል። ቤተሰቡ በቅርቡ ላረፉት አጎቴ በዐርባቸው ዕለት የሚነበብ የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ አደራ ሰጥቶኝ፣ «ከአምስት ጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው የሰፈሩን እድር የጠነሰሱ ደግ ሰው ነበሩ» የሚል ዐረፍተ ነገር አስገባሁ። ረቂቁን ለአክስቴ ሳነብላቸው እዚያች ቃል ላይ ስደርስ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝና «ልጄ፣ የሚጠነሰሰው ሴራ ነው፤ ወንድሜ ምን አሤረና?» አሉኝ። እኔ ግን «የሐሳቡ ጠንሳሽ» ሲባል በመልካም ጎኑ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ አንብቤአለሁም። ቃሉ በራሱ ክፉ ነውን ወይስ ክፋቱን ያመጣው አብሮት የሚነገረው ስም ነው? የዐርባው ቀን ስለ ቀረበ ቶሎ ብትመልሱልኝ ውለታ ትውሉልኛላችሁ።

ጋን በጠጠር፦
እግዚአብሔር ያጽናሽ እኅቴ። እናቴ ጠላ ሸጣ ስላሳደገችኝ ስለዚህች ቃል ከመዝገበ ቃላት በፊት ጋን ይጠየቅ የምል ሰው ነኝ። ጥንስስ ማለት በግራዋ ታጥቦ በወይራ በታጠነ ጋን ውስጥ የተወቀጠ ጌሾና ጥቂት ብቅል በውኃ ተበጥብጦ የሚቀመጠው የመጀመሪያው ሥራ ነው። እናቴ አፉን በጨርቅ አስራ ማእዘን ላይ ታስቀምጠውና በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ጨርቁን ሳትፈታ ጆሮዋን ታስጠጋ ነበር፤ እንደ ዝናብ ካፊያ ያለ ድምፅ ከሰማች «ይዟል» ትላለች። እንኩሮው ታምሶ የሚገባው፣ ድፍድፍ የሚሆነውም ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ጠነሰሰ ማለት ጥቂቱን አስቀድሞ አስነሥቶ ብዙውን በላዩ ላይ ለመጨመር መዘጋጀት ነው፤ አጎትሽና አምስቱ ጎረቤቶቻቸውም ያደረጉት ይህንኑ ይመስለኛል።

ወንበር ዘርጊ፦
ጋን በጠጠር ያሉት ለጠላ ቤት የሚበቃ ማብራሪያ ነው፤ ነገር ግን የቃሉ ሥር ከጋን ይልቅ ጥልቅ ነው። ጠነሰሰ ከግእዙ ፀንሰ የወጣ መሆኑ ለማንም ግስ ለቈጠረ ሰው የተገለጠ ነው። ፀ ወደ አማርኛ ሲገባ ጠ እንደሚሆን ፀመደ ጠመደ፣ ፀብእ ጠብ መሆናቸው ይመሰክራል። ትርጕሙም አይርቅም፤ «ናሁ ድንግል ትፀንስ ወትወልድ ወልደ» የሚለውን ቃል የምናውቀው ሁላችን፣ ፅንስ ማለት በስውር የተጀመረና ቀኑ ሲደርስ የሚገለጥ ነገር መሆኑን እናውቃለን። ለአክስትየዋም ቅሬታ ምክንያቱ ከዚሁ ይገኛል፤ በመዝሙር 7፥14 ዐመፀኛው ጉዳትን ፀንሶ ኃጢአትን ወለደ ተብሏልና ክፋት መፀነሱ የዛሬ አነጋገር አይደለም።

ሀለሐመ፦
መምህር፣ በአክብሮት እቃወማለሁ። ፀንሰ የገብረ ቤት፣ ማለትም እንደ ገብረ የሚረባ፣ ባለ ሦስት ፊደል ግስ ሆኖ ሳለ በጠነሰሰ መጨረሻ የተደገመችው ሰ ከየት መጣች? መጨረሻው ፊደል የተደገመበትን ግስ ሁሉ አንዱን ፊደል ቈርጠን ሥሩን አገኘን የምንል ከሆነ፣ ደመሰሰ ከደመሰ፣ ደነዘዘም ከደነዘ ተገኙ ልንል ነው፤ ደመሰ የሚባለውን ግስ ግን እስካሁን ያየሁት በዚህች ዐረፍተ ነገር ውስጥ ብቻ ነው። ደግሞም ፀነሰ በአማርኛ ጠ ሳይሆን እስከ ዛሬ በመልኩ አለ፤ አንድ ቃል በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ልብስ የሚለብስበትን ምክንያት ማስረዳት የእርስዎ ድርሻ ይሆናል።

ወንበር ዘርጊ፦
ሁለት ልብስ ለመልበስ ጸበልንና ጠበልን መመልከት ይበቃል፤ አንዱ ሰው በአንድ ቀን ሁለቱንም ይላቸዋል። የሰ መደገም ድርጊቱ ቀስ እያለ መደጋገሙን፣ ማለትም የጥንስሱን መፍላት ያመለክታል። ወንድሜ ሀለሐመ ከቀተለ እስከ ቆመ ስምንቱን አርእስተ ግስ፣ ሌሎች ግሶች የሚረቡባቸውን አብነቶች፣ በየትኛው ጉባኤ እንደ ተማሩ ቢነግሩኝ ለመልሴ መጠን ባበጀሁለት ነበር።

ሀለሐመ፦
ስምንቱን ቤቶች የተማርሁት በከተማ፣ ኤሌክትሪክ ባለበት ክፍል መሆኑን ሳልደብቅ እናገራለሁ፤ ሆኖም ቀተለ በመብራትም ሆነ በጧፍ ቢነበብ ያው ቀተለ ነው። ጸበል በግእዙ ትቢያ ማለት እንደ ሆነ መምህር ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ፤ በአማርኛ ግን የተቀደሰ ውኃ ሆነ። ስለዚህ ያቀረቡት ምስክር፣ ትርጕም ከሥሩ ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል የሚያሳይ ሆኖ ለእኔ መሰከረ። ግእዙ ጠላን ስዋ ይለዋል፤ ትግርኛም ይህንኑ እንደ ያዘ ነው። የመጠጡን ስም ራሱን ከግእዝ ያልወሰደ አማርኛ፣ የጅማሬውን ግስ የግድ ከዚያ ወሰደ የምንልበት ምክንያት አይታየኝም።

ባለ ላቦራቶሪው፦
የግስ ትምህርት የለኝም፤ የምሠራው ከእርሾ ጋር ነው። በጥንስሱ ውስጥ የሚሆነውን ነገር ብነግራችሁ ግን ክርክራችሁን ሊያግዝ ይችላል። ብቅል ማለት ገብሱ ርሶ ሲበቅል በውስጡ ኢንዛይም ያበጀ እህል ነው፤ እነዚያ ኢንዛይሞች ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጡታል፣ እርሾው ደግሞ ስኳሩን በልቶ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። የጋን በጠጠር እናት በጨርቁ ላይ ጆሯቸውን አስጠግተው ይሰሙት የነበረው ድምፅ ይህ አየር ሲወጣ ነው። ሳካሮማይሲስ የሚባለው እርሾና ላክቲክ አሲድ የሚያበጁት ባክቴሪያዎች ከእህሉ፣ ከቅጠሉና ከጋኑ ግድግዳ ስለሚመጡ ከውጭ እርሾ የሚጨምር የለም፤ ጌሾው ምሬቱን ይሰጣል። ስለዚህ በጥንስሱ የሚፈለገው ጠላ ሳይሆን የሕያዋኑ መብዛት ነው፤ እንኩሮው ዘግይቶ የሚገባው የሚበሉት ሲበዙ ምግቡን ለማቅረብ ነው። በነገራችን ላይ ኢንዛይም የሚለው ቃል ራሱ ከማጀት የወጣ ነው፤ በግሪክኛ «በእርሾ ውስጥ» ማለት ሲሆን ኤድዋርድ ቡክነር የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1897 እርሾውን ፈጭቶና ጨምቆ፣ ሕያው ሕዋስ በሌለበት ጭማቂ ስኳር እንደሚብላላ አሳየ፤ በ1907 ለዚህ የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

ወንበር ዘርጊ፦
ሕያዋኑ በስውር ይበዛሉ ካሉ፣ ከዚህ ሌላ ፅንስ ምን ይባላል? ሳይንሱ ከግእዝ ጋር ስለ ተስማማ ደስ ብሎኛል።

ባለ ላቦራቶሪው፦
መምህር፣ እርሾ የሚበዛው በመፀነስ ሳይሆን በአብዛኛው ከእናቱ ሕዋስ ላይ እንደ እንቡጥ በመብቀል ነው። በዚህ ረገድ ከፅንስ ይልቅ ለቅጠል ይቀርባል ብል እንዳይቀየሙኝ።

ጋን በጠጠር፦
እኔ ደግሞ የማየው ሌላ ነገር ነው። ከማጀት ወጥተው ወደ ሐሳብ ዓለም የተሻገሩትን ቃላት ስንመለከት ሐሳብ ይበስላል፣ ነገር ይብላላል፤ እነዚህ ሁለቱ ደግም ክፉም ሳይሉ ያገለግላሉ። ድፍድፍ ደግሞ ከጠላ ጋን ተነሥቶ የዓለምን ገበያ ያዘና በየዜናው «ድፍድፍ ነዳጅ» ሲባል እንሰማለን፤ ማንም ነዳጁን ሴረኛ አላለውም። እንግዲያው ጠነሰሰን ብቻውን ለክፋት ያጋለጠው ምንድን ነው? የእኔ ግምት ጨርቁ ነው። ድፍድፍ ሲደፈደፍ ጎረቤት ያያል፣ ያግዛል፣ ምጣድ ያዋሳል፤ ጥንስስ ግን አንዲት ሴት ብቻዋን በማእዘን አኑራው አፉን አስራ የምትሄደው ነገር ነው። ሴራን የሚመስለው በጅማሬነቱ ሳይሆን በተሸፈነነቱ ነው። አንድ ሰው በስውር የጀመረው መልካም ነገርስ ቢሆን መጠንሰስ አይባልም?

ሀለሐመ፦
ይባላል፤ ምሳሌውም ከዚሁ ከሙያችን አለ። ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የሚለው ስም የታተመበትን የግእዝ መዝገበ ቃላት የጀመሩት መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ ነበሩ፤ ሳይፈጽሙት ሲያርፉ ሥራውን ለኪዳነ ወልድ አወረሱ፣ እሳቸውም በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ ለደስታ ተክለ ወልድ ተዉት፤ መጽሐፉ ታትሞ የወጣው በ1948 ዓ.ም. ነው። «መዝገበ ቃላቱን የጠነሰሱት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው» ብንል እዚህ ካለነው ማን ይቈጣል? «መሠረቱት» ወይም «ጻፉት» ብንል ግን አንዱ ዘሎ ያርመናል፤ ምክንያቱም ጠንሳሽ ጠላው ሲወርድ በቤቱ ላይኖር ይችላል፣ መሥራች ግን ነገሩ ቆሞ ሲሄድ ያየ ሰው ነው። ስለዚህ እኅታችን ብርሌ፣ አጎትሽ እድሩ ተደራጅቶ ሲቀብርና ሲያስተዛዝን አይተው ከሆነ መሥራች ማለት ይሻላል፤ ሐሳቡን አንሥተው ሌሎች ፈጽመውት ከሆነ ደግሞ ጠንሳሽ ትክክለኛ ነው።

ወንበር ዘርጊ፦
በዚህ አልስማማም። ሁለቱ ቃላት የሚለያዩት በዘመን ሳይሆን በግብር ነው፤ መሠረተ ከመሠረት ነውና ለቤት ይሆናል፣ ጠነሰሰ ግን እንዳልሁት ለማሕፀን ነው። እድር ቤት ነው ወይስ ሕፃን? አስቀድሞ ይህ ይወሰን። «እድር» በአልፋው አ ይጻፍ ወይስ በዐይኑ ዐ የሚለውም ገና አልተነሣም።

ጋን በጠጠር፦
እሱን እባክዎ ለዐርባው ማግስት ያቆዩልን።

ዘወይን እግር፦
ዘግይቼ ብመጣም ሁሉንም አነበብሁ። ጠነሰሰ ካስቀየመ፣ መሠረተም ካከራከረ ወጠነ የሚለው ንጹሕ ግእዝ ለምን ተረሳ? «የእድሩ ወጣኝ» ቢባል ሴራም የለበት፣ ጋንም የለበት፤ ውጥን የሚለውንም ሁላችን ለዕቅድ ስንጠቀምበት እንውላለን።

ሀለሐመ፦
ንጽሕናው ላይ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ወጣኒ፣ ማእከላዊ፣ ፍጹም የሚለውን የመንፈሳዊ ሕይወት ደረጃ የሚያውቅ አንድ ቄስ በለቅሶው ላይ ቢገኝ፣ በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ያረፉትን ሽማግሌ ገና ጀማሪ ናቸው ያልን ይመስለዋል።

ዘወይን እግር፦
ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው መሆኑን ብርሌ የት ላይ ተናገሩ?

ሀለሐመ፦
አልተናገሩም፤ ዕድሜውን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። በቅኔ ቤት ይህ ይፈቀዳል ብዬ ነው።

ወንበር ዘርጊ፦
አይፈቀድም።

ብርሌ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልሶቻችሁን አትሜ ለአክስቴ ወስጄላቸው ነበር፤ የጋን በጠጠርን እናት ታሪክ ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ፣ የፀንሰን ክርክር ግን በመካከሉ «ይህን ለቀሳውስቱ ተይው» ብለው አሳለፉት። ጆሮን በጨርቅ ላይ የማስጠጋቱን ነገር ሲሰሙ የእሳቸው እናት ጋኑን በጣት ጥፍር አንኳኩተው ድምፁን ያዳምጡ እንደ ነበር ነገሩኝና፣ ጥቂት ዝም ብለው ቆይተው እርሳሱን ከእጄ ተቀበሉኝ። «የጠነሰሱ» የሚለውንም፣ እኔ ከጎኑ በቅንፍ ያስቀመጥሁትን «የመሠረቱ»ንም ሰርዘው በላዩ ላይ «እድሩን የጀመሩት እሳቸው ናቸው፤ የመጀመሪያውንም ድንኳን የገዙት በገዛ ገንዘባቸው ነው» ብለው ጻፉ። ትናንት እንዲሁ ተነበበ። ስለ ድንኳኑ ከቤተሰቡ ያወቀ ሰው አልነበረም።

ወንበር ዘርጊ፦
ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን። ጀመረ የሚለው ግስ ግን በግእዝ እንደሌለ ልብ ብላችኋልን? እኔ ስለዚህ ቃል አንድ አሳብ አለኝ።

ሀለሐመ፦
እንሰማለን መምህር፤ ብቻ በመጨረሻው ፊደል አይጀምሩልን።