ኤምሪ እኛ ጋር እያለ ምን ነክቶት ነበር? (አርሰናሎች ግቡ)

መድፈኛው_49፦
ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ያንን የ2024 የአስቶን ቪላ ጨዋታ ሃይላይት ከፍቼ አየሁት፣ ለምን ራሴን እንደማሰቃይ እኔም አላውቅም። ያ ሚያዝያ ላይ ሜዳችን ኤምሬትስ ድረስ መጥተው ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ቤይሊና ዋትኪንስ አግብተው 2 ለ 0 አሸንፈውን የሄዱት። ማን ሲቲ ሊጉን በመጨረሻ በ2 ነጥብ ነው የበለጠን እኮ፣ አስቡት።
እና ጥያቄዬ፣ ይሄ ኡናይ ኤምሪ የሚባል አሰልጣኝ እኛ ጋር እያለ ምን ሆኖ ነበር? ከመምጣቱ በፊት ከሲቪያ ጋር ሶስት ዩሮፓ ሊግ በተከታታይ (2014፣ 2015፣ 2016)፣ ከሄደ በኋላ ደግሞ ቪላሪያልን ዋንጫ አስበላ፣ ቪላን ወራጅ ቀጠና ጫፍ ላይ አግኝቶ ሻምፒየንስ ሊግ አስገባ። መሃል ላይ የተበላሸችው አንድ ዓመት ተኩል ብቻ ነች፣ እሷም የኛዋ ሆና ቁጭ። ደግሞ ተጫዋች እያለ እዚህ ግባ የማይባል ነበር ይላሉ እውነት ነው? የሚያውቅ ያስረዳኝ፣ ስድብ ግን አልፈልግም።

ላሊጋ_በልቤ፦
የመጨረሻውን ልጀምርልህ። ቤተሰቡ የበረኛ ቤተሰብ ነው፣ አያቱ አንቶኒዮ ኤምሪ የሪያል ኡኒዮን በረኛ ነበር፣ በ1929 ላሊጋ ሲጀመር የሊጉ የመጀመሪያ ጎል የገባችው እሱ ላይ ነች፣ እንዲህ አይነት ታሪክ ማን ይፈልጋል በናትህ 😂 አባቱም በረኛ። ኡናይ ግን ግራ እግር ነበረውና ክንፍ ላይ ወጣ፣ ሪያል ሶሲዳድ ነው ያደገው፣ ዋናው ቡድን ውስጥ ግን በላሊጋ የተጫወተው 5 ጨዋታ ብቻ ነው 95/96 ላይ፣ አንዲት ጎል አለችው፣ እሷም አልባሴቴን 8 ለ 1 ባሸነፉበት ቀን ነው፣ ማለት ያን ቀን ማንም ያገባ ነበር። ከዛ ቶሌዶ፣ ራሲንግ ፌሮል፣ ሌጋኔስ፣ ሎርካ እያለ ታች ታቹን ሄደ።
ሎርካ እያለ ነው ነገሩ የተገለበጠው። 2004/05 ላይ ቡድኑ ሶስተኛ ዲቪዚዮን ነው፣ እሱ ጉልበቱ ተጎድቷል፣ አሰልጣኙ ሲባረር በቃ አንተ ያዘው ተባለ። ትናንት አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ጫማ የሚያስር ልጅ በማግስቱ አለቃቸው ሆነ ማለት ነው፣ 33 ዓመቱ ነው ያኔ። ታዲያ በዛው ሲዝን ሎርካን በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለተኛ ዲቪዚዮን አስገባው፣ በሚቀጥለው ዓመት 5ኛ ወጡ፣ ለትንሽ ላሊጋ ሊገቡ! ቀጥሎ አልሜሪያን ይዞ እሱንም በ2007 ለመጀመሪያ ጊዜ ላሊጋ አስገብቶ 8ኛ አስጨረሰው።
እኔ ሁሌም የምለው፣ ጥሩ ተጫዋች ቢሆን ኖሮ ይሄን ያህል አሰልጣኝ አይሆንም ነበር። ተቀያሪ ወንበር ላይ ዓመታት ቁጭ ያለ ሰው ጨዋታን የሚያየው በሌላ ዓይን ነው። ደግሞ እዛ አካባቢ ውሃው ውስጥ ምን እንዳለ እንጃ፣ ኤምሪ ከኦንዳሪቢያ፣ አርቴታ ከሳን ሴባስቲያን፣ ቻቢ አሎንሶ ከቶሎሳ፣ ኢራኦላ ከኡሱርቢል፣ ሎፔቴጊም እንደዛው፣ ሁሉም ከአንዲት ጊፑስኮዋ ከምትባል አውራጃ ነው የወጡት፣ በስፋት ከስፔን አውራጃዎች ትንሿ ነች እኮ።

ኳስ_አበደ፦
ጉድ ኢብኒንግ 😂😂 ይቅርታ አልቻልኩም

መድፈኛው_49፦
@ኳስ_አበደ አንተን ነበር ስድብ አልፈልግም ያልኩት
@ላሊጋ_በልቤ የአያቱን አላውቅም ነበር ገራሚ ነው። ግን ጥያቄዬን አልመለስክልኝም፣ እኛ ጋርስ?

ሰሜን_በር፦
እኔ ልመልስልህ፣ ያን ሁለት ሲዝን አንድም ጨዋታ አላመለጠኝም (ልፋት ነበር)። ሰው የሚረሳው ነገር መጀመሪያ ላይ 22 ጨዋታ ሳንሸነፍ መሄዳችንን ነው። 2018/19ን በ70 ነጥብ 5ኛ ጨረስን፣ ቶተንሃም 71 ይዞ 4ኛ፣ አንድ ነጥብ! ከዛ የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ ባኩ ላይ ቼልሲ 4 ለ 1 አሸነፈን። ያቺን አንድ ነጥብ አግኝተን ቢሆን ዛሬ ስለሱ የምናወራው ሌላ ነበር።
ዋናው ግን ክለቡ ውስጥ የነበረው ነው። ከሱ በፊት የነበረው አሰልጣኝ ቬንገር 22 ዓመት ሁሉንም ነገር ብቻውን ይዞ ኖሮ ሄደ፣ ኤምሪን ያመጣው የክለቡ ዋና ስራ አስኪያጅ ጋዚዲስ ወራት ሳይቆይ ወደ ሚላን ሄደ፣ ተጫዋች መልማዩ ሚስሊንታትም 2019 መጀመሪያ ላይ ለቀቀ። ያመጡህ ሰዎች ሄደው አንተ ብቻህን ስትቀር ማን ይቆምልሃል? የፓላሱን ዛሃ ፈልጎ ነበር፣ ራሱ በኋላ ኢንተርቪው ላይ ተናግሮታል፣ የመጣለት ግን ፔፔ ነው በ72 ሚሊዮን ፓውንድ። ከዛ ያ የአምበል ጉዳይ፣ ሲዝኑ ተጀምሮ አምበሉ አልታወቀም፣ ተጫዋቾቹን ድምጽ አሰጥቶ ዣካን ሾመው፣ በወሩ ዣካ ፓላስ ጨዋታ ላይ ሲቀየር ሰዉ ጮኸበት እሱም ማሊያውን አውልቆ ወጣ። በዛው ተበላሸ፣ 7 ጨዋታ ሳናሸንፍ ቆይተን ፍራንክፈርት ሜዳችን ላይ 2 ለ 1 ሲያሸንፈን ኖቬምበር 29 2019 ተሰናበተ።
እና እኛም ደጋፊዎች ንጹህ አይደለንም። እንግሊዝኛው ላይ (ጉድ ኢብኒንግ ሲል) ስንስቅ ነበር የከረምነው፣ የሚለውን የሚሰማ ሰው አልነበረም።

ነጻ_ምት፦
ሁሉንም ክለቡ ላይ አትደፍድፉ ባካችሁ። ከናንተ በፊት ያሰለጠነው ፒኤስጂም እኮ አለ። በ2017 ባርሴሎናን 4 ለ 0 አሸንፎ ካምፕ ኑ ላይ 6 ለ 1 የተሸነፈው ማን ነው? የዛን ዓመት ሊጉንም ሞናኮ ወሰደበት። በሚቀጥለው ዓመት የፈረንሳይን ዋንጫ ሁሉ ሰብስቧል እሺ፣ ግን ኔይማርና ካቫኒ ሜዳ መሃል ማን ፔናሊቲ ይምታ ብለው ሲጣሉ እሱ ምን አለ? ትልልቅ ስም ያለበት ክፍል ውስጥ ሲገባ ድምጹ ያንሳል። ስፓርታክ ሞስኮም ወራት ብቻ ነው የቆየው። ሌላው ደግሞ፣ ሲቪያ 2015/16 ላይ ዩሮፓ ሊግ ሲበላ በላሊጋ ከሜዳው ውጪ አንድም ጨዋታ አላሸነፈም! አንድም! ጥሎ ማለፍ ላይ ጌታ ነው፣ ሊግ ላይ ግን...

ላሊጋ_በልቤ፦
@ነጻ_ምት ቫሌንሺያን ዘለልከው። ክለቡ ዕዳ ውስጥ ተዘፍቆ፣ አዲስ ስታዲየም ጀምሮ ማስጨረስ አቅቶት፣ በ2010 ቪያንና ሲልቫን ሸጡበት፣ በ2011 ማታን፣ እሱ ግን ሶስት ዓመት በተከታታይ 3ኛ ወጣ። ከባርሳና ከማድሪድ ቀጥሎ ማለት ነው፣ የሜሲና የሮናልዶ ዘመን ላይ፣ ከዚህ በላይ ምን ያምጣ? ሜዳቸው ሜስታያ ላይ ግን ያፏጩበት ነበር። ሊግ አይችልም አትበል።

ቪላ_ነኝ_አልደብቅም፦
የቪላ ሰው ሳይጠራ መጣ 🙋 እኛ ጋር የሆነውን ልንገራችሁ። አሰልጣኛችን ጄራርድ ሲባረር 17ኛ ነበርን። ኤምሪ መጣ፣ የመጀመሪያ ጨዋታው ዩናይትድ ነው፣ 3 ለ 1። ቪላ ፓርክ ላይ ዩናይትድን በሊግ ካሸነፍን ከ1995 ጀምሮ መሆኑ ነው። ያን ዓመት 7ኛ፣ በሚቀጥለው 4ኛ፣ ከ1983 በኋላ መጀመሪያ ጊዜ የአውሮፓ ትልቁ መድረክ ላይ ገባን፣ ባየርንን 1 ለ 0 አሸነፍን፣ ሩብ ፍጻሜ ላይ በኋላ ዋንጫውን የበላው ፒኤስጂ በድምር 5 ለ 4 ነው የጣለን።
ልዩነቱ ምን መሰላችሁ፣ እኛ ጋር የሚፈልገውን ሁሉ ሰጡት። የራሱን ሰዎች ይዞ መጣ፣ ሲቪያ አብሮት የሰራው የስፖርት ዳይሬክተር ሞንቺም 2023 ላይ ተከተለው። ይሄ ሰው ቪዲዮ ላይ የሚኖር ነው፣ ቫሌንሺያ እያለ ተጫዋቹ ሆአኪን ፈንዲሻው እስኪያልቅብኝ ቪዲዮ አሳየኝ እያለ ይቀልድበት ነበር 😄 እንደሚባለው ደግሞ አንድ ተጫዋች ቪዲዮውን እንደማያይ ጠርጥሮ ባዶ ፍላሽ ሰጥቶት፣ ልጁ በማግስቱ አየሁት ጥሩ ነው ብሎ መለሰለት አሉ። አሁን የኛ የኋላ መስመር አጥቂዎችን ኦፍሳይድ ውስጥ የሚያስገባው ያ ሁሉ ቪዲዮ ነው፣ አራቱ ተከላካዮች በአንድ ገመድ የታሰሩ ነው የሚመስሉት። እንዲህ አይነት ሰው የሚሰማው ክፍል ይፈልጋል። እናንተ ጋር ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ኮንትራቱን ይቆጥራል።
@ነጻ_ምት ትልቅ ስም ላልከው፣ በረኛው ኤሚ ማርቲኔዝ የዓለም ዋንጫ የበላ ሰው ነው፣ ኤምሪ ሲናገር ግን እንደ ተማሪ ነው የሚያዳምጠው። የሚገርመው አርሰናል እያሉ እሱኑ ለሬዲንግ በውሰት ሰጥተውት ነበር ሃሃ

ነጻ_ምት፦
ማርቲኔዝ ላይ አሸነፍከኝ። ፒኤስጂው ላይ ግን ከአቋሜ ንቅንቅ አልልም

መድፈኛው_49፦
እሺ ገባኝ። ሰውዬው አልተበላሸም፣ እኛ ጋር ሲመጣ ቤቱ ራሱ ፈርሶ እየተሰራ ነበር፣ ግን አምበል መምረጥ እንኳን አቅቶት እንደነበር አልረሳም፣ ስለዚህ እሱም ድርሻ አለው። ለማንኛውም ያንን የ2024 ሃይላይት ከስልኬ ሰርዤዋለሁ፣ ዛሬ ልተኛ ነው።

ቪላ_ነኝ_አልደብቅም፦
ከሰረዝክ አይቀር የ2021ዱን የዩሮፓ ሊግ ግማሽ ፍጻሜም ሰርዘው። ቪላሪያል ከአርሰናል፣ በድምር 2 ለ 1። አሰልጣኛቸው ማን ነበር?

መድፈኛው_49፦
ሞደሬተር ይሄን ልጅ አስወጡልኝ

ኳስ_አበደ፦
ጉድ ኢብኒንግ 😂