ከትል በቀር የማይበላ ቢርድድ ድራገን፦ ቅጠል እንዴት ላስለምደው?

ጠያቂ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ)

ጤና ይስጥልኝ። ልጄ የሚያሳድገው ቢርድድ ድራገን የሚባል እንሽላሊት አለን፤ ስሙን ጎፈር ብሎታል። ወንድ ነው፤ ዕድሜው አንድ ዓመት ተኩል ይሆናል። የተረከብነው ከሌላ ቤተሰብ ሲሆን እነሱ ዘንድ ሲመገብ የኖረው የዱቄት ትልና የሰም ትል ብቻ ነበር። አሁንም ሌላ ነገር ዞር ብሎ አያይም። ሰላጣ አቀረብንለት፤ ስፒናችም ካሮትም ከትፈን ሰጠነው። ወይ ፊቱን አዙሮ ይሄዳል፣ ወይ ሳህኑ ላይ ወጥቶ ይተኛበታል። ትል ሲያይ ግን ከጣት ላይ ይነጥቃል።

እንዳነበብኩት ካደገ በኋላ አብዛኛው ምግቡ ቅጠል መሆን አለበት። ትሉን ልንቀንስ ስንል ልጄ «በረሃብ ይሞትብኛል» ብሎ ያለቅሳል፤ እንዳሻው ስንተወው ደግሞ እየወፈረ፣ እንቅስቃሴውም እየቀነሰ መጥቷል። የሚኖረው በመስታወት ሣጥን ውስጥ ነው። አንድ የሙቀት አምፖልና አንድ ጥምዝምዝ የአልትራቫዮሌት አምፖል አለው፤ ሁለቱም ከእሱ ጋር አብረው የመጡ ናቸው። ቅጠል ያስለመዳችሁ ካላችሁ ከየት ልጀምር? ምን ልስጠው? ትሉንስ በምን ልተካው?

መልስ፣ ከፍራንክፈርት

እህቴ፣ የምትፈልጊው ነገር ወጥ ቤትሽ ውስጥ አለ፤ ጎመን ነው! አሜሪካ ኮላርድ እየተባለ የሚሸጠው፣ ሐበሻው ሁሉ ለጎመን ወጥ የሚገዛው ቅጠል ለእነዚህ እንስሳት ከሚመረጡት አንዱ ነው። ምክንያቱ ካልሲየም ነው። በምግባቸው ውስጥ ያለው ካልሲየም የፎስፈረሱ እጥፍ ቢሆን ይመከራል። 100 ግራም ጥሬ ኮላርድ 230 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም ሲኖረው ፎስፈረሱ ግን 25 ሚሊግራም ገደማ ነው። እናንተ ያቀረባችሁት ሰላጣ፣ በተለይ ነጣ ያለው ጥቅል ዓይነት ከሆነ፣ 95 በመቶው ውኃ ስለሆነ ቢበላው እንኳን ያን ያህል አይጠቅመውም። ስፒናች ደግሞ ኦክሳሌት ይበዛበታል፤ ኦክሳሌት ካልሲየምን አስሮ ስለሚይዘው ሰውነቱ ሊጠቀምበት አይችልም። ቆስጣና የቀይ ሥር ቅጠልም እንደዚያው ናቸው። አንድ ቀን ቢቀምሳቸው አይጎዳም፤ የዘወትር ምግብ ግን አይሁኑ።

ከጎመኑ ጋር የሰናፍጭ ቅጠልና የዳንዴላየን ቅጠል እያፈራረቅሽ ስጪው። ጥሬ ዱባ በደቃቁ ፈቅፍቀሽ ከላይ ብትነሰንሺበት ቀለሙ ይስበዋል። ወፍራሙን የጎመን አንጓ አውጪና ቅጠሉን በጣም ደቃቅ አድርገሽ ክተፊው።

አሁን ዋናው ዘዴ ይኸውልሽ። እንስሳው የሚንቀሳቀስ ነገር ነው የሚያድነው፤ ስለዚህ ቅጠሉ ራሱ እንዲንቀሳቀስ ማድረግ ያስፈልጋል። የጥቁር ወታደር ዝንብ እጭ የሚባሉ ትንንሽ ትሎች ይሸጣሉ፤ እነሱን ከተከተፈው ጎመን ጋር ቀላቅያቸው። ቅጠሉ ውስጥ ሲርመሰመሱ ያያል፣ ሊለቅማቸው ሲሞክር ጎመኑ አብሮ አፉ ይገባል። የእኔዋ ቅጠል የለመደችው እንደዚህ ነው። ደግሞም እነዚህ እጮች ለመብል ከሚሸጡት ከብዙዎቹ ነፍሳት በተለየ ካልሲየማቸው ከፎስፈረሳቸው ይበልጣል።

መልስ፣ ከዳላስ

የፍራንክፈርቱ ወንድሜ ያለው ጥሩ ነው፤ ግን ትሉን እያየ ቅጠል የሚመርጥ እንስሳ አላየሁም። ልማዱን ያመጣው ሰው ነው። ትሉን ከቤት አጥፊው፤ ጎመን ብቻ አቅርቢለት። ሲርበው ይበላል። የሰም ትል ከክብደቱ ከ20 በመቶ በላይ ስብ ነው፤ ልጅ በየቀኑ ኬክ ተሰጥቶት ምሳውን እንዲበላ አይጠበቅም። ጨክኚ እህቴ፤ ለእሱ ብለሽ ነው የምትጨክኚው።

መልስ፣ ከሚኒያፖሊስ (የእንስሳት ሐኪም)

ጤና ይስጥልኝ። የዳላሱ ወንድማችን ስለ ሰም ትሉ ያሉት ልክ ነው፤ የሰም ትል አልፎ አልፎ ብቻ የሚሰጥ ነገር ነው። በአንድ ጊዜ ምግብ መከልከሉን ግን አልስማማበትም። ወፍሮ የኖረ እንሽላሊት ድንገት መብላት ሲያቆም የሰውነቱ ስብ ወደ ጉበቱ ሊዛወርና ሊጎዳው ይችላል። ደግሞ የማይበላው በሞገደኝነት ነው ወይስ በሕመም የሚለው ገና አልታወቀም። እርስዎ እንቅስቃሴው ቀንሷል ብለዋል፤ እኔን ያሳሰበኝ ይኸኛው ነው።

ከምግቡ በፊት ሙቀቱንና ብርሃኑን ይመልከቱ። እንሽላሊት ምግቡን የሚፈጨው ከውጭ በሚያገኘው ሙቀት ነው። አምፖሉ ሥር የሚሞቅበት ድንጋይ ወይም እንጨት ገጹ ከ38 እስከ 42 ዲግሪ ሴልሺየስ (በፋራናይት ከ100 እስከ 108) መሆን አለበት፤ የሣጥኑ ሌላኛው ጫፍ ደግሞ ቀዝቀዝ ብሎ ወደ 25 ዲግሪ ገደማ ይሁን። መስታወቱ ላይ የሚለጠፈው ክብ መለኪያ ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ በጨረር የሚለካውን ይጠቀሙ። ሙቀቱ ካነሰ ሆዱ ውስጥ ያለው አይፈጭለትም፣ ሆዱ ካልሠራ ደግሞ ፍላጎት አይኖረውም። የሚቀረው ለሰም ትሉ ያለው ጉጉት ብቻ ነው።

አልትራቫዮሌት ቢ የሚባለው ጨረር ከሌለ ቆዳው ቫይታሚን ዲ3 አይሠራም፤ ያለ ዲ3 ደግሞ የፈለገውን ያህል ጎመን ቢበላ ካልሲየሙ ወደ አጥንቱ አይደርስም። አምፖሉ ለዓይን እየበራ ጨረሩ ያለቀበት ሊሆን ይችላል። ጥምዝምዞቹ የሚሸፍኑት ቦታም ጠባብ ነው። በእሱ ፋንታ የሣጥኑን ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ የሚሸፍን ቲ5 የተባለውን ረጅም ቱቦ፣ የአልትራቫዮሌት ቢ መጠኑ ከ10 እስከ 12 በመቶ የሚለውን፣ ይግዙና በየዓመቱ ይቀይሩት። መስታወት ይህን ጨረር ስለሚያግድ በመስኮት የሚገባው ፀሐይ አይተካውም።

ሁለት ነገር ደግሞ ይፈትሹ። የታችኛውን መንጋጋውን በጣትዎ ቀስ ብለው ይንኩት፤ ለስላሳ ከሆነ ወይም እግሩ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የአጥንት በሽታ ይዞት ይሆናልና ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ያሳዩት። መንጋጋው የሚያመው እንስሳ ለስላሳውን ትል መርጦ ጠንካራውን ቅጠል መተዉ አይገርምም። ሁለተኛው የሰገራ ምርመራ ነው። የአንጀት ትላትልና ኮክሲዲያ የተባሉት ጥገኛ ተሕዋስያን በእነዚህ እንስሳት ላይ የተለመዱ ናቸው፤ የምግብ ፍላጎትንም ይቀንሳሉ። ሁሉም የውሻና የድመት ሐኪም ስለ እንሽላሊት አያውቅምና ስልክ ሲደውሉ ተሳቢ እንስሳት ያክሙ እንደሆነ ይጠይቁ።

መልስ፣ ከሜልቦርን

እኔ የምኖረው የእነዚህ እንስሳት አገር ነው። አውስትራሊያ የዱር እንስሶቿ ለንግድ ከአገር እንዲወጡ አትፈቅድም፤ እናንተ ዘንድ ያሉት እዚያው በሰው እጅ ተፈልፍለው ያደጉ ናቸው። የዱሮቹ የሚኖሩት በመሐል አገሩ ደረቅ ምድር ነው። እዚያ ሁልጊዜ የሚገኝ አንድ ምግብ የለም። ዝናብ ዘንቦ ምስጡ እንደ አሸን ሲፈላ ምስጥ ይጠግባሉ፤ አበባ ሲኖር አበባ፣ እሱም ሲጠፋ ቅጠልና ያገኙትን ነፍሳት ይበላሉ። ስለዚህ «አይበላም» ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ ተፈጥሮው ብዙ ነገር የሚበላ ነው።

ቀለም በደንብ ይለያሉ፤ ቢጫና ቀይ ይስባቸዋል። የዳንዴላየን አበባ፣ የሂቢስከስ አበባ፣ ቀይ የፈረንጅ ቃሪያ በደቃቁ ተከትፎ ጎመኑ ላይ ሲደረግ መጀመሪያ አበባውን ይነክሳሉ። ከመንገድ ዳር ወይም ፀረ ተባይ ከተረጨ ሣር ላይ ግን አትቅጠፉ። ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ቅጠሉን ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ያህል ከሞቀ በኋላ፣ ሆዱ ባዶ ሳለ አቅርቡለት፤ ነፍሳቱን ከሰዓት በኋላ ስጡት። መጀመሪያ ትል የበላ እንሽላሊት ቅጠሉን አያይም።

እናንተ ዘንድ በጋ ላይ ምሽት ላይ እያበሩ የሚበሩት ጢንዚዛዎች ለእነሱ ገዳይ መርዝ ናቸው፤ አንዱ እንኳን ይገድላል። ልጁ ከግቢ ይዞ እንዳይሰጠው አደራ። አቮካዶም አይሰጥም።

ጥያቄ፣ ከስቶክሆልም

እኛ ቤት ያለው የአራት ወር ነው። ለእሱም በዚሁ መንገድ ትሉን እንቀንስ? ደግሞ ከራሳችን ጎመን ወጥ ትንሽ ብንሰጠውስ?

መልስ፣ ከሚኒያፖሊስ (የእንስሳት ሐኪም)

አይሆንም፤ የአራት ወሩ ገና እያደገ ስለሆነ አብዛኛው ምግቡ ነፍሳት ነው። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በአሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሰውን ያህል ይስጡት። የአንዱ ነፍሳት መጠን በሁለቱ ዓይኖቹ መካከል ካለው ስፋት አይብለጥ። ቅጠሉን ግን ከአሁኑ በየጠዋቱ ያቅርቡለት። ባይበላውም ይየው፤ ሲያድግ እንግዳ አይሆንበትም።

የተሠራ ጎመን ወጥ አይሰጥም። ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ጨው አለበት። ጎመኑ ከመቀቀሉ በፊት የእሱን ድርሻ ጥሬውን ያስቀሩለት።

ቤታችሁ ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ካለ ደግሞ ይጠንቀቁ። እነዚህ እንስሳት ጤነኛ መስለው ሳልሞኔላ የተባለውን በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ይይዛሉ። ከነኩት በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ሳህኑንም በወጥ ቤት ገንዳ ውስጥ አለማጠብ ግድ ነው።

ጠያቂ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዶክተር፣ እንዳሉኝ ለካሁት፤ የሚሞቅበት ድንጋይ 32 ዲግሪ ብቻ ነበር። አምፖሉን በጠንካራ ቀየርነው፣ ረጅሙንም ቱቦ ገዛን። መንጋጋው ጠንካራ ነው። ተሳቢ እንስሳት የምታክም ሐኪም አገኘን፤ ሰገራው ውስጥ የአንጀት ትል እንቁላል ተገኝቶ መድኃኒት ጀምሯል። ክብደቱንም በግራም መዝግባልናለች።

ሙቀቱ ከተስተካከለ ወዲህ ጠዋት ራሱ ወደ ድንጋዩ ወጥቶ ይጠብቃል። እጩን ከጎመን ጋር ቀላቅለን ስንሰጠው እጩን ለይቶ ይለቅማል፤ ትንሽ ቅጠል አብሮ ይገባል፣ አንዳንዱን ይተፋዋል። ዳላስ ያለኸው ወንድሜ፣ ትሉን በሙሉ አላቆምኩም፤ የሰም ትሉን ግን ከቤት አስወጥቻለሁ። አሁን የምጠይቀው፦ በእሱ ምትክ የትኛውን ነፍሳት፣ በሳምንት ስንት ጊዜ?

መልስ፣ ከዳላስ

የሰም ትሉን ካስወጣሽ ዋናውን ሠርተሻል። ዶክተሩ ስለ ጉበቱ ያሉትንም ተቀብያለሁ፤ ከአሁን በኋላ ለማንም ድንገት አቁሙ አልልም። በምትኩ ዱቢያ የሚባለውን በረሮ ግዢ። ስቡ ከሰም ትሉ በብዙ ያነሰ ነው፣ አይጮህም፣ እንደ ፌንጣ ዘሎ አያመልጥም፣ ለስላሳ ፕላስቲክም አይወጣም። ወይዛዝርቱ በረሮ ቤቴ አይገባም ይላሉ፤ ይኸኛው ግን ሙቀት ስለሚፈልግ ቀዝቃዛ ቤት ውስጥ በቀላሉ አይራባም። ከመስጠትሽ በፊት አንድ ሙሉ ቀን ጎመንና ዱባ አብዪው። በረሮው ሆድ ውስጥ ያለው ወደ ጎፈር ሆድ ይገባል፤ ቅጠሉን በዚያም መንገድ ታደርሺለታለሽ።

መልስ፣ ከሚኒያፖሊስ (የእንስሳት ሐኪም)

በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ከአምስት እስከ ስምንት መካከለኛ ዱቢያ ለእሱ ይበቃል። ካልሲየም ዱቄት ነስንሰው ይስጡት፤ አዲሱ ቱቦ ስላለ ዲ3 የሌለበትን ያዘውትሩ። በቀሩት ቀናት ጠዋት ቅጠል ብቻ ያቅርቡ። ቀኑን ሙሉ ባይነካው አይደንግጡ፤ ማታ አንስተው ጠዋት አዲስ ያድርጉ። በሳምንት አንድ ጊዜ በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝኑት። ወፍራም ስለነበር ቀስ እያለ መቅለሉ መልካም ነው፤ ግን በአጭር ጊዜ ውስጥ ከክብደቱ አንድ አሥረኛውን ካጣ ለሐኪሟ ይደውሉ።

ክረምቱ ሲገባ ደግሞ እንቅልፍ ሊያበዛና ምግብ ሊቀንስ ይችላል፤ ላደገ እንስሳ የተለመደ ነገር ነው። ያን ጊዜ ክብደቱ ካልወረደ በግድ አይመግቡት።

መልስ፣ ከፍራንክፈርት

አንድ ነገር ልጨምር። እናንተ ሰፈር የላቲን አሜሪካውያን ሱቆች ብዙ ናቸው፤ እሾሁ የተላጠ የበለስ ቁልቋል ይሸጣሉ። ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ውኃም አለው። በቀጭኑ ቆርጠሽ በመቆንጠጫ ይዘሽ ፊቱ አወዛውዢለት፤ ልክ እንደ ትል።

ጠያቂ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ቁልቋሉን በላው! ልጄ በመቆንጠጫ ይዞ ሲያወዛውዝለት ነጠቀውና ዋጠው፤ ደግሞ ሲሰጠው ደገመ። ጎመኑንም ከዱባ ጋር ሲሆን ከሳህኑ መልቀም ጀምሯል፤ ገና ጥቂት ነው፣ ግን ማንም ሳይዝለት ራሱ ነው የሚበላው። መድኃኒቱ ሲያልቅ ሐኪሟ ሰገራውን እንደገና ልትመረምር ቀጠሮ ሰጥታናለች። ዱቢያውን አዝዘናል፤ እስኪመጣ ድረስ የዝንብ እጩን እንቀጥላለን።