ለትልቅ ፒስተን ኮምፕረሰር የቱን ሞተር ልምረጥ?

እስቲ በዚህ ሥራ ያለፋችሁ እርዱኝ። 5 ሜጋ ዋት ገደማ ለሚፈልግ የፒስተን ኮምፕረሰር ሞተርና ድራይቭ (ሞተሩን የሚያስነሳና የሚቆጣጠር መሣሪያ) ምረጥ ተብዬ ግራ ገብቶኛል። የኤሌክትሪክ መስመሩ ደካማ ነው። ኢንዳክሽን ሞተር በቀጥታ ሲነሳ ከመደበኛው ከረንት 5 ወይም 6 እጥፍ ይስባል፣ ያኔ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ 80 በመቶ ላይ ከደረሰ ደግሞ የማስነሻ ቶርኩ (ዘንጉን የሚያዞረው የመጠምዘዝ ኃይል) ወደ 64 በመቶ ያሽቆለቁላል። ሶፍት ስታርተር አድርግ የሚሉኝ አሉ፤ እሱም ያው ቮልቴጅ ቀንሶ ነው የሚያስነሳው፣ ታዲያ ምን ጠቀመኝ?

በቪኤፍዲ (የኤሌክትሪኩን ፍሪኩዌንሲ ቀያይሮ የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር ድራይቭ) ከሆነ መነሻው ይቀላል፣ የጋዙንም መጠን በፍጥነት እቆጣጠራለሁ። የሚያስፈራኝ ዘንጉ ነው። ፒስተን እንደ ሴንትሪፉጋል (በሚሽከረከር ምላጭ ጋዙን እንደሚገፋው) ኮምፕረሰር አይደለም፣ ቶርኩ በየዙሩ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ፍጥነቱን ስቀያይር የሆነ ቦታ ላይ ከዘንጉ የመጠምዘዝ ሬዞናንስ (ንዝረቱ እጅግ ከሚጎላበት ነጥብ) ጋር ቢገጥም ካፕሊንጉን (የሞተሩንና የኮምፕረሰሩን ዘንግ ማገናኛ) ይበላዋል።

ሲንክሮነስ ሞተርም (ፍጥነቱ ከመስመሩ ፍሪኩዌንሲ ጋር የተቆራኘ) አስቤያለሁ። በዝግታ ለሚዞር ኮምፕረሰር ያለ ማርሽ ይገጠማል፣ ፓወር ፋክተሩንም (ከመስመሩ ከሚሳበው ኃይል ለሥራ የሚውለውን ድርሻ) ያስተካክላል። ግን የማስነሳቱ ጣጣ ያው ነው። እሱን ኮምፕረሰሩ ሎድ ሳይዝ በአነስተኛ ቪኤፍዲ አስነስቶ ከዚያ ወደ መስመር ማዞር ያዋጣል? የሠራው ካለ የድራይቩን መጠን በምን እንደወሰነ ይንገረኝ። የቶርሽን (የዘንጉን የመጠምዘዝ ንዝረት) ስሌቱንስ ማን ነው የሚሠራው፣ የኮምፕረሰሩ አምራች ወይስ የሞተሩ? ሁለቱም አንዱ ወደ አንዱ እየገፉኝ ነው።