4 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ፦ ማሻሻል ይሻላል ወይስ መለወጥ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። በየዕለቱ የምሠራበት ላፕቶፕ እየተንቀራፈፈ ስላስቸገረኝ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ማሽኑ ኢንቴል ኮር አይ5-8250ዩ ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራም (የተከፈቱ ሥራዎች ለጊዜው የሚቀመጡበት ሜሞሪ) እና 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ያለው ሲሆን፣ ስገዛውም ከርካሾቹ የሚመደብ ነበር። ሥራዬ ከባድ አይደለም፤ ጽሑፍ እጽፋለሁ፣ በኤክሴል ሒሳብ እይዛለሁ፣ በብሮውዘር ስምንት አሥር ታብ እከፍታለሁ፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜም የቪዲዮ ስብሰባ አለብኝ።

ችግሩ የሚጀምረው ገና ሲከፈት ነው። የይለፍ ቃሌን አስገብቼ ዴስክቶፑ ከታየ በኋላ እንኳ ብሮውዘሩ ሥራ እስኪጀምር አራት አምስት ደቂቃ እጠብቃለሁ። በዚህ መሀል የየክፍሉን ጫና የሚያሳየውን የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ስከፍት ፕሮሰሰሩ ከ20 በመቶ በታች ሲሆን፣ የዲስኩ ቁጥር ግን 100 በመቶ ላይ ደርሶ ንቅንቅ አይልም። ስብሰባ ላይ እያለሁ አንድ ሰነድ ልክፈት ካልሁ የሰዎቹ ድምፅ ይቆራረጣል። ያሳየሁት ባለሙያ ማሽኑን ሳይፈታ «ፕሮሰሰሩ አርጅቷል፤ ሌላ ይግዙ» አለኝ። ግድ ከሆነ እገዛለሁ፤ ነገር ግን ሊድን የሚችል ዕቃ መጣል አልፈልግም። ጥፋቱ የትኛው ክፍል ላይ እንደሆነ በምን ልለይ?

የመጀመሪያ መልስ

የባለሙያው አስተያየት እርስዎ በዓይንዎ ካዩት ጋር አይገጥምም። ፕሮሰሰሩ ደክሞ ቢሆን ኖሮ 100 በመቶ የሚያሳየው እሱ ነበር፤ 20 በመቶ እንኳ ሳይሞላ የሚውል ፕሮሰሰር ሥራ ፈትቶ የሌላውን ክፍል መልስ የሚጠብቅ ነው። ይህ ፕሮሰሰር በ2017 የወጣ፣ አራት ኮር (ሥራውን የሚያከናውን ክፍል) ያለው ነው። ከእሱ በፊት በዚያው ደረጃ ይሸጥ የነበረው 7200ዩ ሁለት ኮር ብቻ እንደነበረው ሲታሰብ፣ ለጽሑፍ፣ ለኤክሴልና ለስብሰባ ዛሬም በቂ ነው።

የሚያስጠብቀው ዲስኩ ነው። በርካሽ ላፕቶፖች ውስጥ በብዛት የሚገጠመው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚዞር ሲሆን፣ ይህም በሰከንድ 90 ዙር፣ ለአንድ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ያህል ማለት ነው። የሚያነበው ጫፍ መጀመሪያ ወደ ትክክለኛው መስመር መሄድ፣ ከዚያም የተፈለገው መረጃ ዞሮ ከሥሩ እስኪደርስ መጠበቅ አለበት፤ ስለዚህ በየቦታው የተበታተኑ ትንንሽ ፋይሎች ሲሆኑ በሰከንድ ከመቶ ያልበለጡ ንባቦችን ነው የሚያከናውነው። ዊንዶውስ ሲነሣ የሚጠይቀው ደግሞ በትክክል እንዲህ ያሉትን ፋይሎች በሺዎች ነው። ኤስኤስዲ የሚባለው መረጃን በቺፕ ላይ የሚይዝ ዲስክ ግን የሚዞርም የሚንቀሳቀስም አካል ስለሌለው ያንኑ በሰከንድ በብዙ ሺህ ይመልሳል። ገንዘብዎን በመጀመሪያ እዚህ ላይ ያውሉት።

ሁለተኛ መልስ

ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ግማሹ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ራሙ ሳይነሣ ዲስኩን ብቻ መቀየርም አይመከርም። ራም በሞላ ቁጥር ዊንዶውስ ለጊዜው የማይፈለገውን መረጃ ወደ ዲስክ ይገለብጣል፤ መልሶ ሲፈለግ ደግሞ ከዚያው ያመጣዋል። በ4 ጊጋባይት ላይ ሲስተሙ ብቻውን ትልቁን ድርሻ ይወስዳል፤ ለብቻው የግራፊክስ ካርድ በሌለው ማሽን ደግሞ ስክሪኑን የሚያሳየው ክፍልም ከዚሁ ራም ይበደራል። በስብሰባ መሀል ሰነድ ሲከፍቱ ድምፁ የሚቆራረጠው በዚህ ሳቢያ ይመስለኛል። የዲስኩ 100 በመቶ ከፊሉ የራሙ እጥረት የወለደው ነው። ኤስኤስዲ ቢገባ ግልበጣው ይፈጥናል እንጂ አይቀርም።

ከመግዛትዎ በፊት አንድ ነገር ይመልከቱ። በታስክ ማናጀር ውስጥ «ፐርፎርማንስ»፣ ከዚያ «ሜሞሪ» የሚለውን ሲከፍቱ ከሥር ስንት የራም ስሎት (መሰኪያ ቦታ) እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ይጽፋል። «ፎርም ፋክተር» በሚለው መስመር ላይ «ሶዲም» ካለ ራሙ ተነቃይ ነው፤ «ሮው ኦፍ ቺፕስ» ካለ ግን ዋናው ሰሌዳ (ማዘርቦርዱ) ላይ የተበየደ ስለሆነ አይወጣም። የተበየደ ሆኖ ትርፍ ስሎትም ከሌለው ያን ጊዜ ሌላ መግዛት የሚለው ሐሳብ ሚዛን ይደፋል።

ከጠያቂው

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ሜሞሪው «2133 ሜጋኸርዝ፣ ሶዲም፣ ከ2 ስሎት 1 የተያዘ» ይላል። ብሮውዘሩና የስብሰባው ፕሮግራም አብረው ሲከፈቱ ራሙ 93 በመቶ ደረሰ፤ ዲስኩም ወዲያው 100 ነካ። በዚያው ዊንዶውስ በሚያወጣው የባትሪ ሪፖርት ላይ፣ ከፋብሪካ ሲወጣ 41 ዋት-ሰዓት ይይዝ የነበረው ባትሪ አሁን ሲሞላ 19 ብቻ እንደሚይዝ አየሁ። ማሽኑ እስካሁን በዊንዶውስ 10 ላይ ነው። ኤስኤስዲ ስጠይቅ ደግሞ «ሳታ ነው ወይስ ኤንቪኤምኢ?» ይሉኛል፤ ምን ልበላቸው?

ሦስተኛ መልስ

ካወጡት ቁጥር ተነሥቼ ልመልስ። ማሽኑ መሻሻል የሚገባው ነው፤ እንዲያውም ፕሮሰሰሩ ያድነዋል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 2018 በእኛ አቆጣጠር፣ ማለትም በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል በኩል የሚቀበለው በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ነው፤ የእርስዎ 8250ዩ ስምንተኛው ትውልድ ሲሆን ከላይ የተጠቀሰው 7200ዩ ግን ሰባተኛው ስለሆነ ከዝርዝሩ ውጭ ነው። ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደኅንነት ክፍል በባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት በሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ማብራት ሊያስፈልግ ይችላል።

ለራሙ ዲዲአር4 (የራሙ ትውልድ ስም ነው) ሶዲም ባለ 8 ጊጋባይት አንድ ፍሬ ገዝተው በባዶው ስሎት ላይ ይጨምሩ፤ ነባሩን ማውጣት አያስፈልግም። ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 የጥርሳቸው ክፍተት የተለያየ ቦታ ላይ ስለሆነ አይገጣጠሙም፤ አልገባ ካለ በጉልበት አይጫኑት። በድምሩ 12 ጊጋባይት ይሆናል፤ ሁለቱም ስሎቶች ስለተያዙ ፕሮሰሰሩ ከአብዛኛው ራም በሁለት መስመር ያነባል፤ ከዚህ ይበልጥ የሚጠቀመው ደግሞ ያ ተበዳሪ ግራፊክስ ነው።

የኤስኤስዲውን ጥያቄ በአፍ መመለስ አይቻልም፤ የታችኛው ክዳን ተከፍቶ መታየት አለበት። ሳታና ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲው ከማሽኑ ጋር የሚገናኝባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው፤ ኤም.2 የሚባለው ደግሞ የስሎቱ ቅርጽ ስም እንጂ የፍጥነቱ ስም አይደለም፤ አንዳንዱ ኤም.2 ስሎት ሳታ ብቻ፣ አንዳንዱ ኤንቪኤምኢ ብቻ፣ አንዳንዱ ሁለቱንም ይቀበላል፤ ይህን የሚነግርዎ የሞዴሉ መመሪያ ነው። ስሎቱ ጭራሽ ከሌለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ በሃርድ ዲስኩ ቦታ ይገባል። ሳታ በሰከንድ ወደ 550 ሜጋባይት ላይ ሲያቆም ኤንቪኤምኢ በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል፤ ይሁን እንጂ እርስዎ በሚሠሩት ሥራ ላይ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እምብዛም አይታወቅም። ከሃርድ ዲስክ ወደ የትኛውም ኤስኤስዲ መሻገሩ ነው ለውጡ።

ክዳኑን ሲከፍቱ ቻርጀሩን ይንቀሉ፤ ከሁሉ አስቀድመውም የባትሪውን ሶኬት ከማዘርቦርዱ ላይ ያላቅቁ። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ሊለያይ ስለሚችል ከየት እንደወጡ በወረቀት ላይ በቅደም ተከተል ያስቀምጡ፤ ረጅሙ ብሎን በአጭሩ ቦታ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከሥር የወጋበት ማሽን አይቻለሁ። ባትሪው አብጦ ካገኙት፣ ማለትም ክዳኑን ወይም የመዳፊቱን ሰሌዳ ወደ ላይ የሚገፋ ከሆነ፣ ወዲያው መለወጥ አለበት፤ በስለት ነገርም ፈጽሞ አይንኩት። ካላበጠ ግን በ19 ዋት-ሰዓትም ቢሆን ቻርጀር አጠገብ ለሚሠራ ሰው ይቆያል፤ ራሙና ኤስኤስዲው ይቅደሙ።

ሁለተኛ መልስ ሰጪ በድጋሚ

በዚህ ሁሉ እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ዊንዶውስን በአዲሱ ኤስኤስዲ ላይ ከባዶ ይጫኑት፤ የዓመታት ኮተት የተከማቸበትን ሲስተም እንዳለ መገልበጥ ጣጣውንም አብሮ ማምጣት ነው። ፈቃዱ በዲጂታል የተመዘገበው ከማዘርቦርዱ ጋር ስለሆነ ዲስክ በመቀየር አይጠፋም። ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) በርቶ ከሆነ ግን ዲስኩን ከማውጣትዎ በፊት የመክፈቻ ቁልፉን ጽፈው ይያዙ። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ በዩኤስቢ ሣጥን ውስጥ አድርገው ሰነዶችዎን ወደ አዲሱ ይቅዱ፤ የኤክሴል ሒሳቦችዎን አንድ በአንድ ከፍተው እስኪያረጋግጡ ድረስም ከላዩ ላይ አንዲት ፋይል እንኳ አያጥፉ።