ጆሮዬ ሌሊት ጭው እያለ አላስተኛ አለኝ፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?

በያጁ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ብየዳ ቤት ነው፣ ግራይንደሩ ከጠዋት እስከ ማታ ጆሮዬ ሥር ይጮሃል። ከክረምቱ ወዲህ ሁለቱም ጆሮዬ ጭውውው ይላል። ቀን እረሳዋለሁ። ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ግን አሮጌ ፍሪጅ ጭንቅላቴ ውስጥ የሰኩብኝ ነው የሚመስለኝ። ሐኪም ቤት አይተውኝ ጆሮህ ንጹሕ ነው፣ ኩክም የለውም፣ ትለምደዋለህ ብለው ሸኙኝ። እንዴት ነው የሚለመደው?

የጎጃም በር ልጅ፦ አይዞህ ወንድሜ፣ እኔ ዓመታት አብሬው ኖሬያለሁ። የሚያባብሰው ጸጥታው ነው። ማታ ራዲዮኑን ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ አድርጌ ሽሽሽ እያለ ዝቅ አድርጌ እተወዋለሁ፤ ጩኸቱን አይሸፍነውም፣ ብቻውን እንዳልሰማው ያደርገኛል እንጂ። ማዳመጫ ሰክተህ በዘፈን ልታሸንፈው እንዳትሞክር ብቻ፣ ጭራሽ ይብስብሃል።

እማማ ዘውዴ፦ ልጄ፣ ጤና አዳም በሞቀ ዘይት ጠብ አድርግበት።

ነርሷ፦ እማማ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጆሮ ውስጥ ምንም ባይጨመር ይሻላል። ታምቡሩ ተቀዶ ከሆነ ጉዳት አለው፤ ችግሩ ያለው ውስጠኛው ጆሮ ከሆነ ደግሞ ዘይቱ እዚያ አይደርስም። በያጁ፣ ጆሮህ ንጹሕ ነው ማለት መስማትህ ደህና ነው ማለት አይደለም። ኦዲዮሜትሪ፣ ማለትም የመስማት ምርመራ፣ አድርጉልኝ በል። ለ8 ሰዓት ሥራ የድምፅ ጣሪያው 85 ዴሲቤል ነው፣ ግራይንደር ደግሞ በቀላሉ ያልፈዋል። በድምፅ የሞቱ የውስጥ ጆሮ ሴሎች ተመልሰው አይበቅሉም፤ ስለዚህ የቀረውን ጠብቅ። ጥጥ አይበቃም፣ እንደ ጆሮ ማዳመጫ ያለውን መከላከያ አድርግ፣ ቤት ስትገባ ግን አውልቀው። የምትወስደው መድኃኒትም ካለ ተናገር፤ የወባው ኪኒን (ክዊኒን)፣ ጄንታማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ፣ ብዙ አስፕሪን ጆሮ ያስጮሃሉ። አንድ ጆሮህ ድንገት መስማት ካቆመ ቀጠሮ አትጠብቅ፣ በዚያው ቀን ሂድ። ጩኸቱ ከልብ ምትህ ጋር እኩል የሚመታ ከሆነም ሐኪም ዘንድ ታይ።

በያጁ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ኦዲዮሜትሪ የሚባል ነገር አልተደረገልኝም፣ እጠይቃለሁ። ችግሩ ባለቤቴ ራዲዮ በርቶ አትተኛም።

የጎጃም በር ልጅ፦ እሷን በዝናብ ሞክራት። የዝናብ ድምፅ ስልክህ ላይ ጭነህ ራስጌ አስቀምጠው፣ መብራት ቢሄድም ይሠራል። ግን አውርደው፣ ሌሊቱን ሙሉ በዳታ ከከፈትከው ካርድ አይበቃህም።